ነቁጥ ቢበዛ ምስሉ ይጠራልን?

የቤተሰብ ዓምድ

በአሁኑ ጊዜ ቴሌቪዥን ለመግዛት ወደ መደብር የሚገባ ሰው ከዕቃው ይልቅ በዕቃው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ያደናግረዋል። አንዱ «ኤች ዲ»፣ ሁለተኛው «ፎር ኬ ዩ ኤች ዲ»፣ ሦስተኛው ደግሞ «ኤይት ኬ» ይላል። ዋጋውም እንደ ጽሑፉ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ባል «ከተገዛ አይቀር ደኅናው ይሁን» ሲል፣ ሚስት የዕቁቡን ዕጣ፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያና የወሩን አስቤዛ ታሰላለች። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ያልተመለሰው ጥያቄ ግን፣ ለተጨማሪው ጥራት የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ በእርግጥ በዓይን የሚታይ ነገር ያመጣልን? የሚለው ነው።

እኛም በዛሬው ዓምዳችን ይህንኑ ጥያቄ እንመረምራለን። ምሳሌያችንን ብዙ ወገኖቻችን ከኖሩበት ከካርቱም ከተማ፣ አል-ሳሃፋ ከተባለው ሠፈር እንወስዳለን። በዚያ ለነበሩት ኢትዮጵያውያን ቴሌቪዥን የአገር ቤት ድምፅ የሚሰማበት መስኮት ነበርና፤ የቤቱ አሠራር፣ የመብራቱና የአቧራው ጠባይም ጥያቄያችንን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ነቁጡ ምንድር ነው?

የቴሌቪዥን ምስል እንደ ሰፌድ ስፌት ነው። ከሩቅ ሲያዩት አንድ ወጥ ጌጥ ይመስላል፤ ቀርበው ሲመለከቱት ግን እያንዳንዱ ጌጥ ከብዙ ጥቃቅን ስፌቶች የተሠራ ነው። በቴሌቪዥን መስኮት ላይ የስፌቱን ቦታ የያዙት ፒክስል የሚባሉት የብርሃን ነቁጦች ናቸው። የጥራት ደረጃዎቹም የሚለያዩት በእነዚህ ነቁጦች ብዛት ነው።

«ኤስ ዲ» የሚባለው መደበኛ ሥርጭት በአግድም 720፣ በቁመት 576 ነቁጥ ሲኖረው ድምሩ 414,720 ይሆናል። «ፉል ኤች ዲ» 1,920 በ1,080፣ ማለትም 2,073,600 ነቁጥ አለው። «ፎር ኬ» 3,840 በ2,160 ሆኖ 8,294,400 ይደርሳል፤ ይህም የፉል ኤች ዲ አራት እጥፍ ነው። «ኤይት ኬ» ደግሞ 7,680 በ4,320 ስለሆነ 33,177,600 ነቁጥ ይይዛል። ቁጥሩን ለሚሰማ ሰው «አራት እጥፍ» እጅግ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ የነቁጥ ቁጥር አራት እጥፍ ሆነ ማለት ተመልካቹ የሚያየው ነገር አራት እጥፍ ጠራ ማለት አይደለም።

ቀድሞ የነበረውን እናስታውስ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ሥራውን ጀመረ። በ1977 ዓ.ም. መባቻ ገደማ ወደ ባለ ቀለም ሥርጭት ሲሸጋገር ለውጡን ለማየት ሜትርም ሆነ መነጽር አላስፈለገም፤ ከደጅ ሆኖ በመስኮት የሚያጮልቅ ልጅ እንኳ ለይቶታል። ከኤስ ዲ ወደ ኤች ዲ የተደረገው ሽግግርም እንዲሁ በግልጽ የታየ ነበር። ከኤች ዲ ወደ ፎር ኬ ያለው ጉዞ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ልዩነቱ አለ፤ ለማየት ግን የመቀመጫውን ርቀት መለካት ያስፈልጋል።

የዓይናችን ወሰን

የሰው ዓይን ወሰን አለው። ወታደር ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ በ100 ሜትር ላይ የሰውን ፊት የለየ ዓይን በ1,000 ሜትር ላይ ሰውን ከጉቶ ለመለየት ይቸገራል። የቴሌቪዥን ነቁጥም በዚሁ ሕግ ይገዛል።

እጅን ወደ ፊት ዘርግቶ ትንሿን ጣት ቢያቆሙ፣ የጣቷ ስፋት በግምት አንድ ዲግሪ ይሸፍናል። ለብዙ ዘመን የዓይን ሐኪሞች መለኪያ ጤናማ ዓይን በዚያች አንድ ዲግሪ ውስጥ 60 ያህል ነቁጦችን ለይቶ ያያል የሚል ነበር። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የሜታ ኩባንያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2025 ባሳተሙት ጥናት ግን ወሰኑ ከዚህ ከፍ ብሎ፣ ለጥቁርና ነጭ ምስል በአማካይ 94 መሆኑን አሳይተዋል። ለቀለም ያለን ችሎታ ከዚህ ያንሳል፤ በተለይም ለቢጫና ለሐምራዊ ልዩነት ወሰኑ 53 ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ በሰጡት ምሳሌ፣ ሰው ከ44 ኢንች ቴሌቪዥን በ2.5 ሜትር ርቀት ላይ ቢቀመጥ፣ ከፉል ኤች ዲ ጥቂት ከፍ ከሚለው ደረጃ ይልቅ ፎር ኬ ወይም ኤይት ኬ ቢገዛ የሚጨምርለት ነገር የለም።

ከዚህ ተነሥተን ለቤተሰብ የሚያገለግል ቀላል ስሌት እናቅርብ። የቴሌቪዥኑን መስኮት ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሜትር ይለኩ። ከዚህ ልክ አንድ ተኩል እጥፍ ባነሰ ርቀት የሚቀመጥ ሰው የፎር ኬን ብልጫ ያያል። ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል እጥፍ ባለው ርቀት ውስጥ ልዩነቱን የሚያየው ዓይኑ የሠላ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም በጥቃቅን ጽሑፍና በስስ መስመር ላይ ነው። ከሁለት ተኩል እጥፍ ካለፈ ግን ፉል ኤች ዲውም ፎር ኬውም ለዓይን አንድ ናቸው።

በቁጥር ስናስቀምጠው፣ ባለ 43 ኢንቹ መስኮት ከማዕዘን ማዕዘን 1.09 ሜትር ስለሆነ ከ2.7 ሜትር በኋላ ልዩነቱ ይጠፋል። ባለ 55 ኢንቹ 1.40 ሜትር ነው፤ ወሰኑም 3.5 ሜትር ይሆናል። ባለ 65 ኢንቹ 1.65 ሜትር ነው፤ ወሰኑ 4.1 ሜትር ገደማ ነው። በባለ 32 ኢንች ላይ ግን 2 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ቤተሰብ ስለ ፎር ኬ መነጋገር ትርፉ ድካም ነው።

ይህ ሁሉ ለጤናማ ዓይን የተነገረ መሆኑም አይዘንጋ። ዕድሜው ገፍቶ ከሩቅ የሚያየው የደበዘዘበት አባት ወይም እናት በቤት ካለ፣ ለነቁጥ ከሚከፈለው ገንዘብ ይልቅ ለዓይን ምርመራና ለመነጽር የሚከፈለው የተሻለ ምስል ይሰጣል።

የአል-ሳሃፋው ግቢ

አል-ሳሃፋ ከካርቱም መኻል ከተማ ወደ ደቡብ የሚገኝ ሠፈር ነው። ስሙ በዐረብኛ ጋዜጠኝነትን፣ ፕሬስን የሚያመለክት ሲሆን ከእኛው «ጽሕፈት» እና «መጽሐፍ» ጋር የሥር ዝምድና አለው። ከ2015 ዓ.ም. በፊት በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በዚያ ይኖሩ ነበር።

በዚያ ሠፈር ይኖር የነበረ አንድ ቤተሰብ በሐሳባችን እንውሰድ። የሱዳን ቤት በአጥር የተከበበ ግቢ አለው። በሙቀቱ ወራት ቤቱ ውስጥ መቀመጥ ስለማይቻል ሰው ሲመሽ ወደ ግቢው ይወጣል፤ አንገሬብ የሚባለው በገመድ የተጠለፈ አልጋም በግቢው ይዘረጋል። ቴሌቪዥኑ በበሩ ወይም በመስኮቱ አጠገብ ይቀመጥና ቤተሰቡና ጎረቤቱ ከግቢው ሆነው ያያሉ። ከአልጋው እስከ ቴሌቪዥኑ አራት ሜትር ቢሆን፣ ከላይ ባስቀመጥነው ስሌት ባለ 43ም ሆነ ባለ 55 ኢንች ፎር ኬ ቴሌቪዥን ከፉል ኤች ዲው የሚለይበት ምንም ነገር የለም። ለተጨማሪው ስድስት ሚሊዮን ነቁጥ የተከፈለው ገንዘብ በአየር ላይ ይቀራል።

በዚህ ላይ የአገሩ ጠባይ ይጨመራል። በካርቱም ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሣ ቀኑን ያጨልማል። አቧራው በቴሌቪዥኑ የአየር ማስወጫ ቀዳዳዎች ይገባል፤ ነፋሱም የጣሪያውን ዲሽ ከአቅጣጫው ያንቀሳቅሳል። ዲሹ ጥቂት ከተዛነፈ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ከዚያም ይጠፋል። ከጦርነቱ በፊትም ቢሆን በሙቀቱ ወራት መብራት በየተራ ይቋረጥ ነበር። ይህን የሚያነቡ፣ በጠረፍ ከተሞቻችንና በሞቃቱ ቆላ የሚኖሩ ቤተሰቦች ሁኔታውን ለመረዳት ካርቱም ድረስ መሄድ አያስፈልጋቸውም።

ወፍጮ የሚፈጨው የተሰጠውን ነው

ርቀቱ ቢስተካከልም ሌላ ጥያቄ ይቀራል፤ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚገባው ምስል ራሱ ምን ዓይነት ነው? ወፍጮ የተሰጠውን ይፈጫል፤ ማሽላ ሰጥተውት የጤፍ ዱቄት አያወጣም። ፎር ኬ ቴሌቪዥንም ኤስ ዲ ሥርጭት ሲገባለት 414,720 ነቁጦችን ወስዶ ወደ 8,294,400 ያበዛቸዋል። የጎደለውን የሚሞላው ግን በአጠገቡ ያሉትን ነቁጦች አይቶ በመገመት ነው። ደኅና ቴሌቪዥን ግምቱን ያሳምረዋል፤ ያልተቀረጸውን ነገር ግን ሊያሳይ አይችልም። እንዲያውም የደከመ ሥርጭት በትልቅ መስኮት ላይ ጉድለቱ ይበልጥ ይጎላል።

ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ኢትዮሳት በሚል ስም፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ በሚገኘው ኤን ኤስ ኤስ 12 ሳተላይት በኩል ይሠራጫሉ። በነጻ የሚደርሱን ሥርጭቶች በአብዛኛው በኤስ ዲ ወይም በኤች ዲ ደረጃ የሚላኩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 በሩሲያና በ2022 በካታር የተደረጉት የዓለም ዋንጫ ውድድሮች በፎር ኬ ካሜራ መቀረጻቸው እውነት ነው። ሆኖም ሜዳው ላይ ካሜራው የቀረጸው ሌላ፣ ከዲሻችን የሚወርደው ሌላ ነው።

በኢንተርኔት ለማየት ያሰበ ሰውም ሒሳቡን አስቀድሞ ይሥራ። ኔትፍሊክስ የተባለው የፊልም አቅራቢ ድርጅት ለፉል ኤች ዲ ምስል በሴኮንድ 5 ሜጋቢት ሲመክር፣ ለፎር ኬ 15 ሜጋቢት ያስፈልጋል ይላል። ፎር ኬ ፊልም በሰዓት እስከ 7 ጊጋባይት ይወስዳል። በስልክ የዳታ ጥቅል ለሚጠቀም ቤተሰብ ይህ አንድ ፊልም ሳይሆን አንድ ድግስ ነው።

ታዲያ ፎር ኬ ጥቅም የለውምን?

ሚዛናችን ወደ አንድ ወገን እንዳያዘነብል የፎር ኬን ጥቅም እንናገር። አንደኛ፣ ዛሬ ከ50 ኢንች በላይ የሆኑ ቴሌቪዥኖች በአብዛኛው የሚሠሩት በፎር ኬ ብቻ ነው። ስለዚህ ትልቅ መስኮት የሚፈልግ ሰው ፎር ኬውን ባይመርጠውም ያገኘዋል፤ የዋጋ ልዩነት ከሌለም የሚከለክለው ነገር የለም። ሁለተኛ፣ ከፎር ኬ ጋር አብሮ የመጣው «ኤች ዲ አር» የሚባለው አሠራር ብሩሁን ይበልጥ ብሩህ፣ ጨለማውን ይበልጥ ጨለማ አድርጎ ያሳያል። ይህን ብልጫ ዓይን ከሩቅም ይለየዋል። ነገር ግን መስኮቱ በቂ ብርሃን የማመንጨት ኃይል ሊኖረው ይገባል፤ በርካሽ ቴሌቪዥን ላይ ኤች ዲ አር የሚለው ጽሑፍ ከጽሑፍነት አያልፍም።

ሦስተኛው ጥቅም ግን ለወታደር ቤተሰብ ከሁሉ ይበልጣል ብለን እናምናለን። ዛሬ በየእጃችን ያለው ስልክ ብዙውን ጊዜ ከ12 ሚሊዮን ነቁጥ በላይ ያለው ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ከስልኮቹም ብዙዎቹ በፎር ኬ ቪዲዮ ይቀርጻሉ። ማለትም በቤታችን ውስጥ ያለው እውነተኛ የፎር ኬ ምስል ከሳተላይት የወረደ አይደለም፤ እኛው የቀረጽነው ነው። አባት በግዳጅ ላይ ሳለ ልጁ የሄደችበት የመጀመሪያ እርምጃ፣ የክርስትናው ቀን፣ የአያት ምርቃት፣ የእኅት ሠርግ በዚህ ይገኛሉ። ይህን በፍላሽ አድርጎ በትልቅ መስኮት ላይ፣ ቀርቦም ለሚያይ ሰው የነቁጡ ብዛት ዋጋ አለው። ከስድስት ወር በኋላ ወደ ቤቱ የተመለሰ አባት ያመለጠውን ቀን ሲያይ ተጠግቶ ነው የሚቀመጠው።

ስለ ኤይት ኬ ግን ቃላችን አጭር ነው። የጃፓኑ ኤን ኤች ኬ በኅዳር 2011 ዓ.ም. የኤይት ኬ ሥርጭት ጀምሯል። ለእኛ ቤት ግን የሚታይ ሥርጭት የለውም፣ ዓይናችንም አይለየውም፣ የኤሌክትሪክ ፍጆታውም ከባድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኤሌክትሪክ ፍጆታ ላይ ያወጣውን ገደብ በፎር ኬና በኤይት ኬ ቴሌቪዥኖችም ላይ ተፈጻሚ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2002 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በመነጽር የሚታየው «ስሪ ዲ» ቴሌቪዥን የወደፊቱ ዕቃ ነው ተብሎ በዓለም ሁሉ ሲሸጥ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ሶኒና ኤል ጂ ማምረቱን ተዉት። አዲስ ስም ሁሉ አዲስ ጥቅም አይደለም።

ከአል-ሳሃፋ የወጣው ትምህርት

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቀዳም ሥዑር ነበር። በአል-ሳሃፋ የሚኖሩ ክርስቲያን ወገኖቻችን ለፋሲካ በሚሰናዱበት፣ ሙስሊሞቹም የረመዳንን የመጨረሻ ቀናት በሚጾሙበት በዚያ ዕለት በካርቱም ጦርነቱ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ብዙ ሰዎች ቤታቸውን ቆልፈው፣ በገዳሪፍና በጋላባት በኩል አድርገው ወደ መተማ ወጡ። ቴሌቪዥኑ በግድግዳው ላይ ቀረ። በከተማይቱ በርካታ ቤቶች እንደተዘረፉና የቤት ዕቃዎችም በየገበያው እንደተሸጡ የዓለም ዜና ማሠራጫዎች ዘግበዋል።

ከዚያ ሁሉ ንብረት ውስጥ ጠረፍ ተሻግሮ የገባው በኪስ የሚያዘው ስልክና በውስጡ ያለው ፎቶግራፍና ቪዲዮ ነበር። ይህን የምንጽፈው ሰው ዕቃ አይግዛ ለማለት አይደለም። ዛሬ እዚህ፣ ነገ ደግሞ ወደ ሌላ ጦር ሠፈር የሚዛወር የወታደር ቤተሰብ ለሚከብደውና ለሚሰበረው ዕቃ ምን ያህል እንደሚከፍል፣ ለማይተካው ነገር ደግሞ ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ ያስብበት ለማለት ነው። የቤተሰቡን ምስል በሁለት ቦታ መገልበጥ ከፎር ኬ ቴሌቪዥን ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ወጪ ነው።

ገንዘቡ እንዴት ይደልደል?

ምክራችንን በቅደም ተከተል እናቅርብ።

በመጀመሪያ፣ ስታቢላይዘር ይገዛ። ኃይሉ ከፍ ዝቅ በሚልበት ቦታ ያለ መከላከያ የተሰካ ቴሌቪዥን፣ ፎር ኬም ቢሆን ኤች ዲ፣ ዕድሜው በአንድ ብልጭታ ሊያበቃ ይችላል። መብራት ሲጠፋም ከሶኬቱ ይነቀል።

ሁለተኛ፣ ዲሹ በባለሙያ ይስተካከል፣ ያረጀው ገመድ ይለወጥ፣ ሪሲቨሩም ኤች ዲ የሚቀበል መሆኑ ይረጋገጥ፤ ከቴሌቪዥኑ ጋርም በኤች ዲ ኤም አይ ገመድ ይገናኝ። በብዙ ቤት ያለው የምስል ብዥታ ከቴሌቪዥኑ ሳይሆን ከዚህ የመጣ ነው።

ሦስተኛ፣ ድምፁ ይታሰብበት። ስስ ቴሌቪዥኖች ድምፅ ማጉያቸው ትንሽ፣ ብዙውን ጊዜም ፊቱን ወደ ኋላ ወይም ወደ ታች ያዞረ ነው። ዜናና ድራማ የሚከታተል ቤተሰብ በደኅና ድምፅ ማጉያ የሚያገኘው ደስታ በነቁጥ ከሚያገኘው ይበልጣል።

አራተኛ፣ የመስኮቱ ስፋት ከመቀመጫው ርቀት ጋር ይመጣጠን። የነቁጡ ነገር የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ በአምስተኛ ደረጃ ነው።

የኤሌክትሪክ ሒሳቡም አይረሳ። በዕቃው ጀርባ የተጻፈውን ዋት ያንብቡ። 100 ዋት የሚወስድ ቴሌቪዥን በቀን ለአምስት ሰዓት ቢከፈት በ30 ቀን 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ 40 ዋት የሚወስደው ግን 6 ብቻ ነው። በፀሐይ ኃይል ወይም በጄኔሬተር ለሚጠቀም ይህ ልዩነት ከምስሉ ልዩነት በፊት ይታያል።

በመደብሩም የሚደረግ አንድ ፈተና አለ። በሱቅ ውስጥ ቴሌቪዥኖች ብርሃናቸው እጅግ ከፍ ተደርጎ፣ ለማስታወቂያ ተብሎ በተቀረጸ ምስል ይታያሉ። ገዢው ግን ከቤቱ በፍላሽ ይዞ የሄደውን ምስል ወይም ዘወትር የሚያየውን ጣቢያ ያስከፍት። በቤቱ ያለውን የመቀመጫ ርቀት አስቀድሞ በእርምጃ ቆጥሮ፣ በሱቁም ያንኑ ያህል እርምጃ ወደ ኋላ ይሂድ። ከዚያም ፎር ኬውንና ፉል ኤች ዲውን ጎን ለጎን ይመልከት። ሚስቱንም «አንቺ፣ የትኛው ይበልጣል?» ብሎ የዋጋ ወረቀቱን ሳታይ ይጠይቃት። ሁለቱም ከለዩት ይግዙት። ካልለዩት ግን የልዩነቱ ገንዘብ ወደ ዕቁቡ፣ ወደ መነጽሩ ወይም ወደ ልጆቹ ደብተር ይመለስ።